ቀትር ላይ የደነቆረው ሣጥን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ይህን የምጽፈው እኔ ሱሌማን ነኝ። ራሴ። በገዛ እጄ። ማንም አልጻፈልኝም።

ይህችን መስመር እስክጨርስ ሻዬ ቀዝቅዟል፤ ግን እንዴት ቀጥ ብላ እንደሄደች! ባለፈው ዓርብ የማታ ትምህርቱን ጨረስን። መምህራችን ትርንጎ «ጋሽ ሱሌማን፣ በየጊዜው ካልጻፉ ፊደሉ ጥሎዎት ይሄዳል» አለችኝ። ጎጃም ተወልዳ ስላደገች «እርስዎ» ትለኛለች። ድሬ ውስጥ እንዲህ የሚለኝ ሌላ ሰው ስለሌለ በጠራችኝ ቁጥር ዞሬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አያለሁ። «ፊደል ከእኔ አይሸሽም» አልኳት። ሚስቴ ደሄቦም ልትሸሽ ሞክራ አልቻለችም።

ሥራዬ ቆርቆሮ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ባልዲ ያፈሰሰበት፣ በሩ የወለቀበት፣ ጣሪያው የዘነበበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አሁን ግን ከባልዲ አልፌ ሬዲዮ ውስጥ ገብቻለሁ። የከዚራዋ ኢንጂነር ዲና፣ የምድር ባቡሩ የግሩም ልጅ፣ ለምትሠራው አዲስ መሣሪያ ሣጥን የሚሠራላት ሰው ፈለገች። ከድሬ ቆርቆሮ ሠሪ ሁሉ እኔን መረጠች። (ሌላው ታሞ ነበር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

መሣሪያውን ላስረዳ። ላይ ተራራው ውስጥ፣ በቢዮ አዋሌ በኩል፣ ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ውሃ ከፍታ የሚለካ ነገር ተተክሏል። በሞገድ የሚልከው ድምፅ ቀጭን ነው። የደቻቱ ዘበኞች የሚይዙት የእጅ ሬዲዮ በሌላ ዓይነት ይናገራል። ስልክ በሌላ። ዋይፋይ በሌላ። አንዱ የሌላውን አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ለእያንዳንዱ አንዳንድ መሣሪያ ይገዛ ነበር፤ ዲና ግን «አንዱ ለሁሉም ይበቃል» አለች። ውስጡ ያለው ቺፕ ሲበራ ባዶ ነው። አንዱን ትእዛዝ ሲጭኑበት ስልክ ይሆናል፣ ሌላውን ሲጭኑበት የእጅ ሬዲዮ ይሆናል። ብረቱ ያው ብረት ነው።

«ገባህ ሱሌ?» አለችኝ።

«ይሄማ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሱቄ ሱማሌ ሲገባ በሱማሌኛ፣ ኦሮሞ ሲገባ በኦሮምኛ፣ ሐረሪ ሲገባ በሐረሪ እከራከራለሁ። አፌ ግን ያው አንድ አፍ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ በዚህ ምሳሌ ነው የምታስረዳው። ስሜን አትጠራም እንጂ።

በሐምሌ ከአዲስ አበባ ፈታኞች ይመጣሉ። ሣጥኑ ካለፈ ትልቁ ዝናብ ሳይደርስ ደቻቱ ዳር ዳር ይተከላል። ተራራው ላይ ውሃ ሲነሳ መለኪያው ይናገራል፣ ሣጥኑ ይሰማል፣ ለዘበኞቹ ሬዲዮ ያስተላልፋል። ኔትወርክ ቢጠፋም። ደሄቦ ቲማቲሟን የምትዘረጋው ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ወንዙ ሆድ ውስጥ ነው፤ እንደሷ ያለው ሰው ብዙ ነው። ሣጥኑ ከወደቀ ግን ሥራው ይዘጋል፣ ዲናም በየሳምንቱ የሚደውልላት የአዲስ አበባ ኩባንያ ዘንድ ትሄዳለች።

ትሂድ። እኔ ባልዲዬ አለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ሣጥኑ አለቀ!!!

ወፍራም ላሜራ። ጥቁር ቀለም፣ ደጋግሜ የቀባሁት፣ እንደ ሙሽራ መኪና ያንጸባርቃል። ጉንዳን የምታልፍበት ቀዳዳ የለውም። ወላሂ ጅቡቲ ወስደው ባሕር ውስጥ ቢጥሉት ሬዲዮው ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ክዳኑ ላይ በመሮ «ሱሌማን ሠራው» ብዬ ቀረጽኩ። ብረት ላይ ጻፍኩ! የክፍል ጓደኞቼ ገና ወረቀት ላይ ናቸው።

ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየ። ይሳቅም መጣ። ይሳቅ ትእዛዙን ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው ነው፤ ምስጋና ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው።

«ይሄ የሬዲዮ ሣጥን ነው የባንክ ካዝና?» አለኝ።

«ቅናት አይጠቅምህም።»

«አየር በየት ነው የሚገባው?»

«ወሪያ! አየር ገባ ማለት ውሃ ገባ ማለት ነው። አንተ ትእዛዝህን ጻፍ።»

ዲና ግራ ቀኙን ዳሰሰችው። ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ ስሜን አንብባ ፈገግ አለችና «ያምራል ሱሌ» አለችኝ።

በቃ። ያምራል ተባለ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ሠራ። ሠራ። ሠራ።

ይሳቅ በባጃጅ ቢዮ አዋሌ ሄዶ ላከ፤ ሣጥኑ ሰማ። ስልክ ሰማ። የእጅ ሬዲዮ ሰማ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለባበጥ ዓይን አይከተለውም። ዲና ጨፈረች። የተማረች ኢንጂነር፣ ሱቄ በር ላይ!

ሞቀኝ። ልተኛ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ሙከራው ቀጥሏል። ፀሐይ ሳትበረታ እንጀምራለን። ማቃጠል ስትጀምር መሣሪያውን አጥፍተን፣ ሱቁን ዘግተን፣ እንደ ማንኛውም የአላህ ፍጡር ቤታችን እንገባለን። ምሳ፣ ትንሽ ጫት፣ ጋደም። ጥላው ሲረዝም እንመለሳለን። ጠዋት ሠራ፣ አመሻሽ ላይ ሠራ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳተም።

«ሣጥንህ ዕድለኛ ነው» አለኝ ይሳቅ። ከጥርሱ ስር ያወጣት ምስጋና ይህችው ናት። ወስጃታለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ከአዲስ አበባ ተደወለ። ፈታኞቹ ሐምሌ ሦስት ይመጣሉ። በስንት ሰዓት? ከቀኑ በስምንት ሰዓት!

ሳቄ አላቆም አለኝ። በስምንት ሰዓት ድሬ ውስጥ ውሻ እንኳ ጥላ ካላገኘ አይጮህም። «እነዚህ ሰዎች ሬዲዮ ሊፈትኑ ነው ራሳቸውን ሊጠብሱ?» አልኩ። ይሳቅም ሳቀ፣ ዲናም ሳቀች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ወደቀ።

የፈታኞቹ መሪ ኢንጂነር ሣህሉ ኮት ለብሶ መጣ። ኮት! «አውልቀው አቦ፣ ትቀልጣለህ» አልኩት። «አንተ» ስላልኩት አብረውት የመጡት ክው አሉ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ አወለቀ።

ሣጥኑን አበራን። ዋይፋዩን ሰማ። ስልኩን ሰማ። የተራራው ተራ ሲደርስ ዝም። ይሳቅ ከላይ በስልክ «እየላክሁ ነው! እየላክሁ ነው እኮ!» ይላል። ሣጥኑ ወይ ፍንክች። ከዚያ ባሰበት፤ ከስልክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ዋይፋይ እየዘለለ፣ እንደሰከረ አስተርጓሚ ማንን እንደሚሰማ ጠፋው።

«ዛሬ ጠዋት ይሠራ ነበር» አለች ዲና።

«የሁሉም ሰው መሣሪያ ጠዋት ይሠራል» አለ ሣህሉ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እየሳቀ ነው ያለው። ግን በዚያ ሰዓት የዲናን ፊት አየሁ።

በነሐሴ አንድ ጊዜ እንመለሳለን፣ የመጨረሻው ነው አሉ። እኔ ነገሩን ላቅልል ብዬ «ሣጥናችን አዲስ አበቤ ሲያይ ያፍራል» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቤት ገብቼ ለደሄቦ ስነግራት ሳቀች፤ በቀልዱ ሳይሆን በእኔ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ጥፋቱ የይሳቅ ትእዛዝ ነው። ወይም ባትሪው። ወይም ሰውየው ያወለቀው ኮት ላይ ያለው ቁልፍ፣ ብረት ነው፣ ሞገድ ይስባል። ሣጥኑ ግን አይደለም። ሣጥኑ ወደ ውስጡ ጠብታ አላስገባም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ይሳቅ ትእዛዙን ከአናቱ ጀምሮ እንደገና እየጻፈ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ ጠዋት ሠራ። አመሻሽ ላይም ሠራ። የሚያበሳጨው ይኸው ነው፤ እንደ ታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚሻለው።

ላሜራ ላመጣ ጓሮ ስዞር ዲና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እሺ፣ ከነሐሴ በኋላ መምጣት እችላለሁ። አዎ፣ እዚህ የሚያቆየኝ ነገር የሚኖር አይመስለኝም።»

አልሰማሁም። ማለቴ ሰምቻለሁ፤ ግን አልሰማሁም። ለእኔ ምን ገዶኝ? ሱቄ ፀጥ ይላል፤ ፀጥታ ጥሩ ነው። ያቺን «አንቴና አንቴና» የምትል ጨዋታዋን ማን ይፈልጋታል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ቀትር ላይ ስልኬን ረስቼ ሱቅ ተመለስኩ። ሣጥኑ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ወደ ጥላ ልገፋው መዳፌን ጣል አደረግሁበት።

ጮኽኩ አልልም። መጋላ የሰማው ጩኸት የሌላ ሰው ነው።

ደሄቦ መዳፌን ቅባት እየቀባች «ውጪው እንዲህ ካቃጠለህ፣ ውስጥ የተዘጋበት ምስኪን ምን ይል ይሆን?» አለችኝ።

«ዕቃ ነው። ምንም አይልም።»

«ለዚያ ይሆናላ ዝም ያለው።»

«በቃ ቀቢ» አልኳት። ነገ ለዲና እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አልነገርኳትም። ሥራ በዝቶ ነበር። አንድ ባልዲ ነበረኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ዛሬ ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ቁጭ ብላ የሙከራውን ውጤት ሁሉ ስታይ ቆይታ ቀና አለች።

«ሱሌ፣ ይሳቅ፣ ቀትር ላይ ሞክረን እናውቃለን?»

ሦስታችን ተያየን። ይሳቅ ሳቢያን ያደገ፣ እሷ ከዚራ፣ እኔ መጋላ። ሦስታችንም ድሬዎች! ቀትር ላይ ሰው ሊሠራ ይችላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን የለም። ያንን ሰዓት ከነጭራሹ ከቀኑ ውስጥ አንቆጥረውም።

«ኧረ በአላህ፣ እንዴት ያለ ቂል ነው አንተ» አልኩት ይሳቅን። እሱም እኔን ያንኑ አለኝ።

ቤት ሳንገባ ዋልን። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሣጥኑ ደነቆረ፤ ቀጭኑን ድምፅ አጣው። ዲና ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ከፈተች። ውስጡ የዳቦ ምድጃ ነው። ምስር የምታህል ነገር አሳየችኝ፤ ክሪስታል ትባላለች። ለመሣሪያው ሁሉ ምት የምትሰጠው እሷ ናት፣ እንደ ከበሮ መቺ። ስትግል ምቷ ትንሽ ይዛነፋል።

«ታዲያ ዋይፋዩን እንዴት ሰማ?»

«ሱሌ፣ ሰፊ አስፋልት ላይ ባጃጅ ትንሽ ቢንገዳገድ ምንም አይሆንም። መጋላ ቀጭኗ መተላለፊያ ውስጥ ቢንገዳገድስ?»

«ግድግዳ ይመታል።»

«የተራራው ድምፅ የሚሄደው በዚያች መተላለፊያ ነው።»

ገባኝ። እንደኔ ቶሎ የሚገባው የለም።

ከዚያ ጥቁሩን ሣጥን አየችው። እኔን አየችኝ። በጨርቅ የታሰረ መዳፌንም አየችው መሰለኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፣ «ሙቀት የምትችል ክሪስታል መምረጥ ነበረብኝ።» ስለ ሣጥኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እኔም «ግድ የለም፣ ሰው ይሳሳታል» አልኳት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሱቁን ዘግቼ ሣጥኑ ላይ መሥራት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ዝም ብሎ አማረኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

የከዚራ የድሮ ቤቶችን መስኮት ያየ ያውቃል፤ ጠባብ ጠባብ ሰሌዳ፣ ወደታች ያዘነበለ፣ ነፋስ ያስገባል፣ ዝናብ አያስገባም። ግራና ቀኙን እንደዚያ ቀደድኩት። ከላይ ሌላ ጣሪያ ደረብኩበት፤ በሁለቱ መካከል አየር ይመላለሳል። ጥቁሩን ሙልጭ አድርጌ ፍቄ ነጭ ቀባሁ።

ክዳኑም መከፈት ነበረበት። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ስሜ ያለበት ሆነ። በመቀስ ቆረጥኩት። ለነገሩ «ሱ» ትንሽ ዘመም ብላ ነበር።

ይሳቅ መጥቶ ዞረው። ሊናገር ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። «አየር ገባው» ብቻ አለና ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ያዘጋጀሁት መልስ እንዴት ያለ ነበር!

ዲና ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሱሌ፣ የአያቴ ቤት መስኮት ነው!»

«ለውበት ነው» አልኳት።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

አዲሷ ክሪስታል አልደረሰችም፣ ከውጭ ነው የምትመጣው፣ እስከ ነሐሴ መድረሷም እንጃ። ይሳቅ ግን ተንኮል አገኘ። የስልኩ ማማ ምት አይዛነፍም አለ፤ ሣጥናችን ስልክም መሆን ስለሚችል፣ በየመሀሉ ስልክ ሆኖ ከማማው ትክክለኛውን ምት ይሰማል፣ የራሱን ያርማል፣ ከዚያ ተመልሶ ቀጭኑን ያዳምጣል። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ የመጨረሻዋን እርማት ይዞ ይቆያል።

«ከአንዱ ቋንቋ የሰማኸውን ይዘህ ሌላውን ማስተካከል» አለኝ።

«እኔ በሐረሪ ዋጋ ሰምቼ በሱማሌኛ እንደምጨምረው!»

«በትክክል» አለ ይሳቅ። ከልቡ ሳቀ። ይህ ልጅ ጥርስ አለው ለካ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ቀትር ላይ ሠራ። ትናንትም። ከትናንት ወዲያም። ጎረቤቶቻችን በዚያ ፀሐይ ሲያዩን አብደዋል ይላሉ። ደሄቦ የሎሚ ጭማቂ ልካልናለች፣ «ለእብዶቹ» ብላ።

የዲና ስልክ ዛሬም ጮኸ። ውጭ ወጥታ አወራች። ላሜራ የምፈልገው ጓሮ ውስጥ ነበር፤ ግን አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ፊደሉ ቢወላገድ የፊደሉ ጥፋት አይደለም።

ሣጥኑ ደቻቱ ዳር እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ሣህሉ መጣ፣ ዛሬ ያለ ኮት። ሰዓቱ ያው ስምንት። ይሳቅ ከተራራው ላከ፤ ሣጥኑ ሰማ። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ ሰማ። የዘበኞቹ አለቃ ዐብዲሰላም በእጅ ሬዲዮው ተቀበለ። አንዱም አልቀረ። ይሳቅ በባጃጁ ወርዶ መጣ፣ ጥላ ስር ተቀመጥን።

«ጥሩ ነው» አለ ሣህሉ። «ሪፖርቱን እንጽፋለን። ውሳኔው ከመስከረም በኋላ ይደርሳችኋል።»

ከመስከረም በኋላ! ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ዲና «እሺ» አለች። ድምፅዋ ሻንጣውን የዘጋ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ደሄቦ የላከችውን የሎሚ ጭማቂ ቀዳሁላቸው።

ከተራራው መልእክት ሲደርሰው የሚበራው የሣጥኑ ቀይ መብራት በራ።

«ማነው የሚልከው?» አለች ዲና።

ይሳቅ የሎሚ ብርጭቆውን እንደያዘ እጁን አነሳ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ሣህሉ ስልኩን አወጣ። «ኔትወርክ የለም» አለ። የዐብዲሰላም ሬዲዮ ግን መጮህ ጀመረ፤ ውሃው ተራራው ላይ ከአደጋው ምልክት አልፏል። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ደመና የለም። አሸዋው በሰው ተሞልቷል።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሽርጥ! ደሄቦ ቲማቲሟን እየደረደረች ነው።

«ተነሽ! ጎርፍ መጣ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀልድህን ለሌላ» አለችኝ። ጎን ያሉት ሴቶች ሳቁ። «ሱሌ ቆርቆሮ ነው እኮ፣ ባለፈው ዓመት አዞ አየሁ ያለው!» አሉ። እውነት ነው፣ ብያለሁ። ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ ይበልጥ ሳቁ። ዕድሜ ልኬን የተናገርኳት ቀልድ ሁሉ መጥታ ተበቀለችኝ።

ያኔ ዐብዲሰላም ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ በዳርቻው እየሮጠ መጣ፤ በኦሮምኛ፣ በሱማሌኛ፣ በአማርኛ ይጮኻል። ከላይ እስከ ታች ያሉት ዘበኞች ሁሉ ሬዲዮአቸው አንድ ነገር ይናገራል። ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ደሄቦ ቅርጫቷን ተሸከመች፣ እኔ ሚዛኑን፣ ጎረቤቷን እየጎተትን ወጣን። አሸዋው ባዶ ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ። ከዚያ ውሃው፣ ቡናማ፣ ግንድ ተሸክሞ። የወሰደው ሁለት ዣንጥላና የሰፈሩ ሰነፎች ጥለውት የወጡትን ወንበር ሁሉ ነው። ሰው የለበትም። አንድም። አልሐምዱሊላህ።

ሣህሉ ዳርቻው ላይ ቆሞ ውሃው የወሰደውን ዣንጥላ በዓይኑ ሸኘ። ከዚያ ወደ ዲና ዞረ። «ከመስከረም በኋላ ያልኩትን ተይው። እዚሁ ሆኜ ነገ እፈርማለሁ። በዚህ ክረምት ስንት ማድረስ ትችላላችሁ?»

«ሃያ!» አልኩ።

«ስድስት» አለች ዲና።

«ስድስት» አልኩ።

ደሄቦ ቅርጫቷን አስቀምጣ ላቧን እየጠረገች ነበር። «አየሽ?» አልኳት፣ «ባልሽን ሰምተሽ ዳንሽ።»

«አንተን ማን ያምናል?» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኔ የተነሳሁት ሣጥኑን አምኜ ነው።»

ከተወለድኩ እንዲህ የጣመኝ ስድብ የለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዲና ዛሬ ሱቄ ውስጥ፣ ፊቴ ቆማ፣ ለአዲስ አበባዎቹ ደወለች። «አልመጣም፣ ሥራ ይዣለሁ» አለቻቸው። ከዚያ የስድስቱን ሣጥን ልክ በኖራ ወለሉ ላይ ሣለችልኝ።

ለእኔ ልዩነት የለውም። ቀኑን ሙሉ ያፏጨሁት ላሜራ መቁረጥ ስለሚሰለቸኝ ነው።